መተማ በተገላቢጦሽ ሲነበብ

መተማ ዮሐንስ ገበያ ላይ አንዱ ቁጥር በሁለት አካሄድ ይጠራል። አማርኛ ተናጋሪው ሰሊጥ ሻጭ ከአሥር ቤቱ ተነሥቶ «ሃያ አምስት» ይላል። ድንበሩን ተሻግሮ ከጋላባት የመጣው ሱዳናዊ ከአንድ ቤቱ ይነሣና «ኸምሳ ወ ዒሽሪን» ይላል፤ አምስትና ሃያ ማለቱ ነው። መቶ ሲጨመርበት ደግሞ ዐረብኛው መቶውን ያስቀድማል፣ አምስቱን ያስከትላል፣ ሃያውን መጨረሻ ላይ ያመጣዋል። እንዲህም ሆኖ ገበያው አይሳከርም። ድንበር ላይ የኖረ ሰው የሚያነጋግረው ማን እንደሆነ ስለሚያውቅ ጆሮው ቁጥሩን ራሱ ያስተካክለዋል።

መሣሪያ እንዲህ ያለ ጆሮ የለውም። የኤሌክትሮኒክ ሚዛን፣ የመብራት ቆጣሪ፣ ራውተር፣ የዝናብና የሙቀት መመዝገቢያ፣ ስልክ፣ አብዛኞቹ መረጃቸውን የሚያስቀምጡት ፍላሽ በሚባለው የማስታወሻ ቺፕ ላይ ነው። ቁጥሩ ከየትኛው ጫፍ ተጀምሮ እንደተጻፈ ካልተነገራቸው፣ በለመዱት መንገድ ያነቡታል፤ ተሳስተው እንደሆነም አያውቁም። ጉዳዩ ለኢንጂነሮች ብቻ የሚተው ይመስላል። ነገር ግን የጨረታ ሰነዱን የሚጽፈው፣ ዕቃውን የሚረከበውና ሲበላሽ ጠግን የሚባለው ብዙ ጊዜ መሣሪያውን የነደፈው ሰው አይደለም። ስለዚህ ነገሩ በጋዜጣ ላይ ቢነሣ ቦታው ነው።

አንድ ባይት ከ0 እስከ 255 ያለውን ቁጥር ብቻ ይይዛል። 500 ኩንታል ለመጻፍ ሁለት ባይት ያስፈልጋል፤ 500 ማለት አንድ 256 እና 244 ስለሆነ በአንዱ ባይት 1፣ በሌላው 244 ይቀመጣል። የትኛው ይቅደም? የኢንቴል ፕሮሰሰሮችና ዘመዶቻቸው ትንሹን ቤት፣ ማለትም 244ን፣ ያስቀድማሉ። የመጀመሪያዎቹን የአፕል ማኪንቶሾች ያንቀሳቅስ የነበረው ሞቶሮላ 68000 ደግሞ ትልቁን ቤት፣ 256ቱን የሚቆጥረውን 1፣ ያስቀድም ነበር። በብዙ ራውተሮች ውስጥ የገባው ሚፕስ የተባለው የፕሮሰሰር ቤተሰብ በሁለቱም ዓይነት ይሠራል። ትልቁ ቀድሞ የተጻፈውን 500 ትንሹን የሚያስቀድም መሣሪያ ሲያነበው 62,465 ይሆንበታል።

62,465 ኩንታል ያየ የመጋዘን ሠራተኛ ይደነግጣል፤ መደንገጡም ጥሩ ነው። ክፉው 258 ነው። ይህ ቁጥር ሲገለበጥ 513 ይሆናል። አንድ መጋዘን 513 ኩንታል ሰሊጥ አለው ቢባል ማን ይጠራጠራል? 257 ደግሞ ቢገለበጥም ያው 257 ነው፤ በዚህ ቁጥር የተሞከረ መሣሪያ ስሕተቱን እንደያዘ ፈተናውን አልፎ ርክክብ ሊፈረምለት ይችላል።

ክርክሩ የቆየ ነው። ዳኒ ኮኸን የተባለው የኮምፒውተር ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 1980 ባወጣው ጽሑፍ ሁለቱን ወገኖች የሰየማቸው ከጆናታን ስዊፍት የ1726 ልቦለድ በወሰደው ቀልድ ነበር። በልቦለዱ ውስጥ ሰዎች የተቀቀለ እንቁላል በየትኛው ጫፉ ይሰበር በሚል ይዋጋሉ። የኮኸን ፍርድ አጭር ነበር፤ ከየትኛው ጫፍ መጀመር ሳይሆን በአንዱ መስማማት ነው ዋናው። ኢንተርኔት ትልቁን የሚያስቀድመውን መረጠ፤ ዛሬም እያንዳንዱ የመረጃ እሽግ የአድራሻ ቁጥሩን በዚያው ሥርዓት ይዞ ይጓዛል። በማስታወሻ ቺፕ ላይ ግን እንዲህ ያለ ስምምነት አልነበረም፤ ሁሉም እንደ ፕሮሰሰሩ ልማድ ጻፈ።

ፍላሽ የራሱ ጠባይ አለው። ቀድሞ የተጻፈበት ቦታ ላይ አዲስ ነገር ለመጻፍ አንድ ሙሉ ክፍል በአንዴ መጥፋት አለበት፤ አንድ ክፍል ደግሞ ከተወሰነ ብዛት በላይ ጠፍቶ አይጻፍበትም። ለዚህ ጠባይ የሚስማማ የፋይል አያያዝ ያስፈልግ ነበርና፣ የስዊድኑ አክሲስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 ጄኤፍኤፍኤስ የተባለውን አወጣ። በ2001 ደግሞ በሬድ ሃት ይሠራ የነበረው ዴቪድ ውድሃውስ ሁለተኛውን ትውልድ፣ ጄኤፍኤፍኤስ 2ን፣ ለሊኑክስ አበረከተ። ይህ ሥርዓት ቺፑ ላይ የሚጽፈው እያንዳንዱ መዝገብ በአንድ መለያ ምልክት ይጀምራል፤ ምልክቱ በአሥራ ስድስት መደብ አቆጣጠር 1985 ነው። ባይቶቹ ከተገለበጡ 8519 ሆኖ ይነበባል።

ጸሐፊዎቹ ይህን ቀድመው አስበውበታል። በፕሮግራሙ ውስጥ የተገለበጠው ምልክት ራሱን የቻለ ስም ተሰጥቶታል፤ ስሙም የትክክለኛው ምልክት ስም ፊደል በፊደል ከኋላ ወደ ፊት የተጻፈ ነው። ፕሮግራመሮች ሲቀልዱ እንዲህ ነው። ሊኑክስ 8519ን ሲያይ «ምልክቱ ተገልብጧል፣ የፋይል ሥርዓቱ የሌላ ቅደም ተከተል ይሆን?» የሚል ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። ቺፑ ላይ አንድም ትክክለኛ መዝገብ ካላገኘ ደግሞ ፈሪ መሆኑን በግልጽ ተናግሮ ምንም ነገር ለማጥፋት እምቢ ይላል። ሌላ ፕሮግራም ቢሆን ቺፑን ባዶ መስሎት ያጸዳው ነበር። በዚህ ዘርፍ የሚበረታታ ፍርሃት ካለ ይህ ነው።

ይህ የስዊድንና የአሜሪካ ወሬ ብቻ አይደለም። ጄኤፍኤፍኤስ 2 በኢትዮጵያ ልጆች እጅ ገብቶ ያውቃል። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት ያመረተው አረንጓዴና ነጭ ኤክስኦ ላፕቶፕ እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢ በሺዎች ቁጥር ወደ አገር ገብቶ ለትምህርት ቤቶች ተከፋፍሏል፤ የግዕዝ ፊደል ያለበት የቁልፍ ሰሌዳም ተዘጋጅቶለት ነበር። የመጀመሪያው ኤክስኦ ሃርድ ዲስክ አልነበረውም። ያለው 1 ጊጋ ባይት ፍላሽ ነበር፤ ፍላሹም የሚተዳደረው በጄኤፍኤፍኤስ 2 ነው። ፕሮሰሰሩ ከኢንቴል ዘመዶች አንዱ፣ የኤኤምዲ ጂኦድ፣ ስለነበር የልጆቹ ሥራ በተያዘባቸው መዝገቦች ውስጥ ቁጥሩ ሁሉ ትንሹ ባይት ቀድሞ ተቀምጧል። ዛሬ ከእነዚያ ላፕቶፖች የአንዱን ቺፕ ነቅሎ የልጅ ሥዕል ወይም ድርሰት ማውጣት የሚፈልግ ሰው ይህን ማወቅ አለበት፤ ጄኤፍኤፍኤስ 2 እንደ መሣሪያው ልማድ ስለሚጻፍ ቺፑ በየትኛው ሥርዓት እንደተሞላ የሚናገረው ያ መለያ ምልክት ብቻ ነው። ቺፑ ላይ የሚጫነውን የፋይል ሥርዓት ቅጂ የሚያዘጋጀው ባለሙያ ቅደም ተከተሉን የሚለየውም በአንዲት ፊደል ትእዛዝ ነው፤ በአንዷ ፊደል ትልቁ ይቀድማል፣ በሌላዋ ትንሹ።

ሌሎቹ የፋይል ሥርዓቶች በየራሳቸው መንገድ ሄደዋል። ሊነስ ቶርቫልድስ የጻፈው ክራምኤፍኤስ በአሠሪው ማሽን ልማድ ይጻፋል፤ ተገልብጦ ሲያገኝ ይናገራል እንጂ አያቃናም። ስኳሽኤፍኤስ በፊት ሁለቱንም ይቀበል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ ሊኑክስ ሲገባ ግን አራተኛው ቅጹ ትንሹን በሚያስቀድመው ብቻ ጸና። የኖኪያ ሰዎች ከሃንጋሪው ሴጌድ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሠሩት ዩቢአይኤፍኤስ ይበልጥ ያስገርማል። እርሱ ራሱ ትንሹን ያስቀድማል፤ ከሥሩ ሆኖ ቺፑን የሚያስተዳድረው ዩቢአይ ደግሞ ትልቁን። በአንድ ቺፕ ላይ ሁለት ተቃራኒ ሥርዓት ተደራርቦ ይኖራል፤ ሁለቱም በማያሻማ ሁኔታ ተጽፈው ስለተወሰኑ ግን የትኛውም ፕሮሰሰር ቢያነባቸው ችግር የለም። ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ የኮኸንን ትንሽ ያሻሽለዋል። ሁሉም በአንድ መስማማት እንኳ የግድ አይደለም፤ እያንዳንዱ የመረጠውን ይግለጽ፣ ከገለጸ በኋላም አይለዋውጥ። ገዢም መጠየቅ ያለበት ይህንኑ ነው።

ፊደልም ከዚህ አያመልጥም። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ሦስተኛ ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1999 የራሱን ቁጥሮች አገኘ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ ኮድ ስለነበረው በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የምልክት ክምር ይሆን ነበር፤ ያን ዘመን የሚያስታውስ ጸሐፊና ታይፒስት ዛሬም አይጠፋም። ዩኒኮድ ያንን ፈታ፤ የባይት ቅደም ተከተሉ ጥያቄ ግን በአንደኛው አጻጻፍ፣ በዩቲኤፍ 16፣ ቀጠለ። «መተማ» የሚለውን ስም እንውሰድ። በአሥራ ስድስት መደብ መ 1218፣ ተ 1270፣ ማ 121ቢ ነው። እያንዳንዱ ሁለት ባይት ነውና ጥንዶቹ ሲገለበጡ 1812፣ 7012 እና 1ቢ12 ይሆናሉ። የመጀመሪያው የሞንጎሊያ አኃዝ ነው፤ ሁለት ቁጥር። ሁለተኛው የቻይና ፊደል ነው። ሦስተኛው በኢንዶኔዥያዋ ባሊ ደሴት የሚጻፍበት ፊደል ነው። የድንበር ከተማዋ ስም በአንድ ስሕተት ሦስት የእስያ አገሮችን ይዞራል።

ይህ ለወግ የመጣ ምሳሌ ብቻ አይደለም። በስልክ ሚሞሪ ካርድ ላይ የሚሠራው ፋት የተባለው ሥርዓት ረጃጅም የፋይል ስሞችን የሚጽፈው በሁለት ሁለት ባይት፣ ትንሹን አስቀድሞ ነው። የአፕል የቀድሞው ሥርዓት ኤችኤፍኤስ ፕላስ ደግሞ ትልቁን አስቀድሞ። አንድ የሠርግ ቪዲዮ በአማርኛ ስም ተሰይሞ ከአንዱ ወደ ሌላው ያለችግር የሚሻገረው ሁለቱ ሥርዓቶች ምርጫቸውን በጽሑፍ ስለገለጹና የሚያሻግረው ሶፍትዌር ስላነበበው ነው። ዩቲኤፍ 8 የተባለው አጻጻፍ ባይት በባይት ስለሚሄድ ጥያቄውን ከነጭራሹ አስቀርቶታል፤ የግዕዝ ፊደል በሁለት ፋንታ ሦስት ባይት ይፈጅበታል። ለአማርኛ ይህ ውድ አይደለም። አማርኛ የሚመዘግብ አዲስ መሣሪያ የሚሠራ ሁሉ ሌላ ባይሞክር ይሻላል።

ቀንም እንዲሁ ነው። 04/05/2016 ተብሎ መተማ ላይ የተጻፈ ደረሰኝ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥር 4 ሊሆን ይችላል፣ በአውሮፓውያኑ ደግሞ ሜይ 4 ወይም ኤፕሪል 5። መሣሪያው ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ አንዱም የለም። ያለው ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ማለትም ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ ጀምሮ የተቆጠረ የሰከንድ ብዛት ነው፤ እርሱም በአራት ባይት ሲጻፍ የቅደም ተከተሉን ጥያቄ ይዞ ይመጣል።

አሁን ወደ ቆላው እንውረድ። ከጎንደር ተነሥቶ በሸኸዲና በመተማ አልፎ ወደ ሱዳን ገዳሪፍ የሚሻገር የ230 ኪሎ ቮልት መስመር አለ፤ የኢትዮጵያ ኃይል ለሱዳን የተሸጠው በእርሱ ነው። ኃይል በሚሸጥበት ቦታ ሁሉ ቆጣሪ አለ፤ ቆጣሪ ባለበትም ንባቡን የሚያስተላልፍ ቋንቋ አለ። በዓለም ዙሪያ የኃይል መለኪያዎች፣ የፀሐይ ኃይል መቆጣጠሪያዎችና የውኃ ፓምፖች ከሚነጋገሩባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሞድባስ ይባላል፤ ሞዲኮን የተባለው ኩባንያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ሞድባስ በሁለት ባይት ቁጥር ላይ ቁርጥ ያለ ነው፤ ትልቁ ይቀድማል። አራት ባይት የሚፈልግ ትልቅ ቁጥር ሲመጣ ግን ሁለቱ ጥንዶች በምን ተራ ይሰለፉ የሚለውን አልወሰነም። አንዱ አምራች በአንድ መንገድ፣ ሌላው በሌላ ሄደ። 100,000 ኪሎ ዋት ሰዓት የቆጠረ መለኪያ ጥንዶቹ ተለዋውጠው ሲነበቡ 2,258,632,705 ያሳያል። ይህ በመቶ ገጽ መመሪያ ውስጥ ግማሽ መስመር የሚበቃው ነገር ነው፤ በብዙ መመሪያዎች ውስጥ ግማሹም መስመር የለም።

ራውተሩም ከዚህ አይርቅም። ቲፒ ሊንክ የሚያመርተው ደብሊውአር 841 ኤን የተባለው ርካሽ ራውተር በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ከሚታወቁት አንዱ ነው። የቆዩት እትሞቹ የአቴሮስ ቺፕ ነበራቸው፤ ትልቁን ያስቀድማል። ከ13ኛው እትም ወዲህ የሚዲያቴክ ቺፕ ገባ፤ ይህ ትንሹን ያስቀድማል። በካርቶኑ ላይ ያለው ስም ግን አልተለወጠም። ኦፕን ደብሊውአርቲ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ለሁለቱ ዓይነት ሚፕስ የተለያየ ቅጂ የሚያዘጋጀው ያለ ምክንያት አይደለም። ሶፍትዌር የሚጭን ጠጋኝ ጀርባው ላይ የተለጠፈችውን የእትም ቁጥር ሳያይ ከጀመረ፣ ራውተሩ ዳግም ላይነሣ ይችላል።

«ዛሬ ሁሉም መሣሪያ ትንሹን በሚያስቀድመው ላይ ተሰባስቧል፤ ጉዳዩ ያረጀ ነው» የሚል ይኖራል። በግማሹ እውነት አለው። አብዛኞቹ የስልክና የኮምፒውተር ፕሮሰሰሮች ዛሬ በዚያው ሥርዓት ይሠራሉ። ክርክሩ የሚያፈስሰው ቆላ ሲወርድ ነው። ወደ ድንበር ከተሞች የሚወርደው ዕቃ ሁሉ አዲስ አይደለም፤ ያገለገለ ራውተር፣ ከሌላ ፕሮጀክት የተረፈ መለኪያ፣ አምራቹ የተዘጋ የፀሐይ ኃይል ሣጥን አብሮ አለ። ከዚያም በላይ ምዕራብ ጎንደር ቆላ በበጋው መጨረሻ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍበት አገር ነው። ፍላሽ መረጃውን የሚይዘው በታሰረ የኤሌክትሪክ ሙል ስለሆነ ሙቀት ያንን ሙል ቶሎ እንዲያፈስስ ያደርገዋል፤ በዙሪያው ያሉትን ክፍሎችም ያደክማል። በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ፀሐይ ላይ የዋለ መቆጣጠሪያ ደጋ ላይ ካለው ወንድሙ ቀድሞ ቢሞት አይገርምም።

መሣሪያው ሲሞት ቺፑ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። የቅደም ተከተሉ ጥያቄ ሕይወት የሚዘራው ያኔ ነው፤ የጻፈው ማሽን የለም፣ የሚያነበው ሌላ ነው። የዓመት የዝናብ መዝገብ፣ የፓምፕ ሰዓት፣ የሚዛን ታሪክ ሁሉ ገንዳ ውሃ ወይም ጎንደር ባለ አንድ ጠጋኝ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ጠጋኙ ጎበዝ ነው፤ ቺፕ ነቅሎ ማንበብ ያውቃል። የጎደለው የአንድ ገጽ ሰነድ ነው። ያንን ሰነድ ዕቃው በተገዛበት ቀን ያልጠየቀ መሥሪያ ቤት ከአምስት ዓመት በኋላ ከየት ያመጣዋል?

ስለዚህ መረጃ የሚያጠራቅም መሣሪያ በሕዝብ ገንዘብ ሲገዛ በጨረታ ሰነዱ ውስጥ ሦስት ነገር በግልጽ ይግባ፤ የፋይል ሥርዓቱ ስምና ቅጽ፣ የባይቶቹ ቅደም ተከተል፣ በትልልቅ ቁጥሮች ደግሞ የጥንዶቹ ተራ። ሁለት አማራጭ ከቀረበና ዋጋቸው ከተቀራረበ፣ በየትኛውም ፕሮሰሰር አንድ ሆኖ የሚነበበው ይመረጥ። የመለዋወጫና የዋስትና ጊዜ በጥንቃቄ የሚጽፍ የግዥ ክፍል ይህን መጻፍ አያቅተውም፤ እስካሁን የጠየቀው ስለሌለ ነው እንጂ አቅራቢም የሚደብቀው ምሥጢር አይደለም። የጎንደርና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪዎችም ለመመረቂያ ሥራቸው ሌላ የሱቅ ድረ ገጽ ከሚሠሩ፣ አንድ የሞተ መቆጣጠሪያ ተሰጥቷቸው ከቺፑ መረጃ እንዲያወጡ ቢታዘዙ ለአገሩ የበለጠ ይጠቅማል።

ርክክቡ ላይ የሚደረገው ፈተናም ከባድ አይደለም። 257 ወይም ዜሮ የመሳሰለ ስሕተት የሚደብቅ ቁጥር አይመረጥ። 16,909,060 ጥሩ ነው፤ አራቱ ባይቶቹ 1፣ 2፣ 3 እና 4 ስለሆኑ እያንዳንዱ የተሳሳተ አካሄድ የራሱን መልስ ይሰጣል። ይህ ቁጥር መሣሪያው ላይ ይጻፍ፣ ኃይሉ ይቋረጥ፣ ከዚያም በሌላ ኮምፒውተር ይነበብ። ያው ቁጥር ከመጣ ይረከቡት። 67,305,985 ከመጣ ባይቶቹ ሙሉ በሙሉ ተገልብጠዋል። 50,594,050 ከመጣ ጥንዶቹ ተለዋውጠዋል፤ 33,620,995 ከሆነ ደግሞ በየጥንዱ ውስጥ ያሉት ባይቶች ተቀያይረዋል። ከሦስቱ አንዱ ሲታይ አቅራቢው ሰነዱን ወይም ሶፍትዌሩን እስኪያስተካክል ድረስ የርክክብ ፊርማው ይቆይ።